ለእህቴ ያሰፋሁት ቀሚስ

እራት መብላት ካቆምኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የሴት ሆርሞን መውሰድ ስጀምር በስልክ የማገኛት ሐኪም «ስብሽ ቦታ ይቀይራል፣ ትንሽም ትወፍሪያለሽ፤ ተራመጂ እንጂ ራስሽን በረሃብ እንዳትቀጪ» ብላኝ ነበር። ጅማ የሚያውቀኝ ግን በወንድ ልጅነቴ ነው። ስመኘው የኖርኩት ዳሌ ሲመጣ ፈራሁት፤ በሰፊ ጃኬት ደበቅኩት፣ እራትም ተውኩ። ያም ሆኖ ቀሚስ አማረኝና ጨርቅ ይዤ እዚያው ጅማ መርካቶ፣ ልብስ ሰፊው አባ ራያ ጋ ሄድኩ። የልጅነት ዩኒፎርሜን ሁሉ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አጠገቤ ቆማ «ትርፍ ይተዉለት፣ ገና ያድጋል» ትላቸው ነበር። እሳቸውም ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ጨርቅ ያጥፉልኛል፣ በዓመቱ ይፈቱታል።

«ቀሚሱ ለእህቴ ነው፤ ቁመናችን አንድ ስለሆነ በእኔ ይለኩት» አልኳቸው። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ እንዳልነበራት እሳቸው እንደሚያውቁ ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጃኬቴን አስወልቀው ለኩኝ። ሜትሩ ዳሌዬ ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፊቴን አዩኝ። ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ።

«ማክሰኞ ይደርሳል ኢንሻአላህ» አሉኝ። «ሁለት ጣት ትርፍ እተውላታለሁ፤ እናትህ ብትኖር ይህንኑ ነበር የምትለኝ። ልጅቷ ገና እያደገች ነው። ደግሞ ንገራት፣ በደንብ ትብላ።»

ያን ዕለት እራቴን በላሁ።