ታጥቦ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ሂያምዬ፤ ላንቺ የመጀመሪያዬ ነው… እኔ የሰመራን ሙቀት እወደዋለሁ። አዎ፣ ሳቂብኝ! እኛ አዋሽ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ሰመራ ሲያማርር አብሬ አማርራለሁ እንጂ እዚህ ስመጣ ደስ ይለኛል። ሁሉም ሰው ላቡ ጠብ ጠብ ስለሚል ማን በሙቀት፣ ማን በሀፍረት እንዳላበው አይታወቅም። ለእንደኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር እንዴት ይመቻል መሰለሽ!

አይ፣ ተቀመጪ፤ ምንም አታምጪልኝ፤ ውሃ ይበቃኛል። ካፌሽ ግን ማሻአላህ! ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪና እንደልቡ የሚቆምበት ሰፊ ቦታ… ቬንትሌተሩም ይሠራል። ሰማያዊ ወንበር መምረጥሽም ጥሩ ነው፤ አቧራ አያሳይም። ድሮ ነበር መጥቼ ልጠይቅሽ የሚገባኝ፤ ዘገየሁ። ዓርብ ኒካህ ታስራላችሁ ሲሉኝ ግን ለራሴ፣ "መዲና፣ ነውር ነው" አልኩ። "የልጆችሽን አባት የምታገባውን ልጅ ሳታያት? እንኳን ደስ አለሽ ሳትያት? መምህርት ነኝ ትያለሽ ደግሞ!"

እንኳን ደስ አለሽ። ከልቤ ነው። ለምን ከልቤ አይሆንም?

ባዶ እጄንም አልመጣሁም። ይኸው፣ ይህን ደብተር ያዢ። ስለ ሆዱ ነው። ስለ ሆዱ ነግሮሻል አይደል? … አልነገረሽም? አይ እሱ! ስለ ራሱ ማውራት አይወድም፤ ትሑት ነው።

እንግዲያው እኔ ልንገርሽ። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ ካሜራ በጉሮሮው አስገብተው አንጀቱን አዩለት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ አንጀቱን የሚያቆስለው ይህ ነው አሉ። ክኒን የለውም፤ መድኃኒቱ አለመብላት ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ ቀናት ያስተኛዋል። በዚያው ከቀጠለ ደግሞ ሰውነቱ ያልቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ጽፌልሻለሁ።

እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? አንድ ሰው ሩዝ እየበላ ሌላው ፊቱ ዳቦ አይቆርስበትም አልኩና ስንዴን ከቤቴ አስወጣሁ። ዱቄቱ፣ ፓስታው፣ ማካሮኒው፣ በሶው፣ የልጆቹ ብስኩት… ወንፊቱን ሳይቀር ጣልኩት፤ ቀዳዳው ውስጥ ስንዴ ይቀራል ብዬ። ወፍጮ ቤትም ስንዴ ከተፈጨበት በኋላ ጤፌን ስለማላስገባ በማለዳ ከሰው ሁሉ ቀድሜ በሩ ላይ እቆም ነበር። ባለ ወፍጮው "መምህርት፣ አንቺ እንቅልፍ የለሽም?" ይለኛል። ሱሩር ሱቅ ደግሞ የእያንዳንዱን እሽግ ጀርባ ሳላነብ አልገዛም። ሱሩር "መምህርት፣ ብስኩት እኮ ነው፣ መጽሐፍ አይደለም!" እያለ ገበያተኛውን ሁሉ ያስቅብኛል። ታውቂያለሽ፣ እኔ ሰው ሲስቅብኝ መሬት ብትውጠኝ እወዳለሁ። ግን ቆሜ አነብባለሁ። ለሰው ጤና ሲባል ምን የማይደረግ አለ?

ረመዳን ሲመጣ፣ ስንዴ ይቀላቀልበታል ብዬ የአጃ ሾርባ አስቀረሁ፤ በሩዝ ሠራሁ። ሳምቡሳውንም በሩዝ ዱቄት ሞከርኩት። ዘይቱ ውስጥ ብትንትን ሲል ልጆቼ በማንኪያ በሉትና "አልሀምዱሊላህ" አሉ። ሃፍሳ፣ ትልቋ ልጄ፣ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጎረቤት ቤት ዳቦ በልታ፣ እዚያው አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጣ ነበር ወደ ቤት የምትገባው። አንድ ቀን ያዝኳት። "አባዬ ሸትቶት እንዳያምረው ብዬ ነው" ብላ አለቀሰች። የሰባት ዓመት ልጅ እኮ ናት! እንዲህ ያለውን ይሉኝታ ከማን ወረሰችው? … ከእኔ ይሆናል። አዎ፣ ከእኔ ነው የሚሆነው።

ለመንገዱ ደግሞ ባለ ሦስት እርከን ምሳ ዕቃ ገዛሁለት። አንዱ ላይ ለብቻው የተፈጨ የጤፍ እንጀራ፣ አንዱ ላይ ሩዝ፣ አንዱ ላይ ቋንጣ ፍርፍር። ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ምሳ ዕቃው ባዶ ብቻ አልነበረም… ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እያብለጨለጨ ነበር የሚመለሰው። ሾፌር እኮ ነው! ያ ሁሉ አቧራና ድካም እያለበት፣ የበላበትን አጥቦ የሚመልስ ባል አይተሽ ታውቂያለሽ? ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁለት። ሴቶቹ ቀኑብኝ፤ እንዲያውም አንዷ በዚህ ምክንያት ከባሏ ጋር ተጣላች።

ብቻ… ቤት ሲገባ ያመዋል። ሆዱ ይነፋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛል። "መዲና፣ ምንድን ነው ያበላሽኝ?" ይለኛል። ለስለስ አድርጎ ነው የሚለው፤ መጮህ አይወድም። እኔ ምን ልመልስለት? ምሳ ዕቃው ባዶ ነው፤ ምግቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። አስረሳች የምትባል በቤት ሥራ የምታግዘኝ ልጅ ነበረች። "ኩሽና ውስጥ ተደብቀሽ ዳቦ ትበያለሽ፤ ፍርፋሪው ምግቡ ውስጥ ይገባል" ብዬ አስወጣኋት። "ማርያምን አልበላሁም" አለችኝ እያለቀሰች። አላመንኳትም። የቤቴን ሰው ሁሉ ስጠረጥር፣ ያልጠረጠርኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር… እሱ ታማሚ ነዋ፤ ታማሚ ይጠረጠራል እንዴ?

ከዚያማ ባለፈው ወር ሁለት አጎቶቹ ከደሴ መጡ። ሳሎኔ ተቀምጠው፣ "የቤትሽ ምግብ አልተስማማውም፤ ልጃችን እየመነመነ ነው። ሌላ ጎጆ ቢጨምር አትቀየሚ" አሉኝ። እሱ አጠገባቸው ሆኖ ምንጣፉን ያያል። እኔም ምንጣፉን አየሁ። አብረን በኖርንበት አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንድ ነገር እኩል ያየነው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። አሁን እንግዲህ ደሴም አዋሽም ላይ፣ እኔ ባሏን በገዛ ምግቧ ያሳመመች ሴት ነኝ። ልጆቼም የዚያች ሴት ልጆች ናቸው። ሃፍሳን ትምህርት ቤት "እናትሽ አባትሽን መርዛዋለች" ብለዋታል። ልጆች ናቸው፤ ቤት የሰሙትን ነው የሚሉት።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን ሽማግሌ ፊት፣ በሆድ ጉዳይ፣ ባልን ማዋረድ? እንደዚያ አድርገው አላሳደጉኝም። ምን ቃል ትይኛለሽ? … እንግዲህ እውነተኛው ምሥጢሬ ይሄ ነው። የሙቀቱ ለመግቢያ ያህል ነበር።

ባለፈው ዓመት ለመምህራን ሥልጠና ሰመራ መጥቼ ነበር። በመጨረሻው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ብቻዬን አንድ ካፌ ገባሁ። የትኛው ካፌ እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ሰመራ ስንት ካፌ አለ! ወንበሮቹ ሰማያዊ ነበሩ፤ ግን ሰማያዊ ወንበር የሌለው ማን አለ? ከለስላሳው ፍሪጅ ጀርባ፣ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ አንድ ሾፌር ጀርባውን ሰጥቶኝ ይበላል። ሳህኑ ላይ ፓስታ፣ በፓስታው ጎን ዳቦ፣ በዳቦው ጎን ሌላ ዳቦ። እንዴት አድርጎ ይበላ ነበር መሰለሽ! ወላሂ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ጀርባ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የካፌዋ ባለቤትማ… እንዴት ያለች ልጅ ናት! ፈጣን፣ ሳቂታ፣ እንግዳ አክባሪ። አንቺን አላልኩም፤ ያቺ ልጅ ትንሽ ወፈር ትላለች። "ቤት የሚያበሉኝ የበሽተኛ ምግብ ነው፤ የሚያሳምመኝም እሱ ነው" ይላታል። "ውይ፣ የኔ ምስኪን!" አለችና ሌላ ዳቦ ጨመረችለት። ሳይጠይቃት! ሳይለመን የሚሰጥ እጅ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ከዚያ ምሳ ዕቃውን አነሳች። ሦስቱንም እርከን ከፍታ እንጀራውን፣ ሩዙን፣ ቋንጣ ፍርፍሩን ደጅ ለቆሙት ፍየሎች ዘረገፈችላቸው። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድንበር በንጹሕ ጤፍ የተቀለቡ ፍየሎች ቢኖሩ እነዚያ ብቻ ናቸው። እነሱ ሆዳቸውን አላመማቸውም፤ ስንዴ የለበትማ! ከዚያ ዕቃውን አጠበችው። አቤት አስተጣጠብ! ክዳኑን፣ ጠርዙን፣ ማንጠልጠያውን ሳይቀር ፈትጋ፣ ፀሐይ ላይ ደፋችው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ያመሰገንኩት ሌላ ሰው ነበር። ለዚያች ልጅ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኳትም። ምናልባት የምታውቂያት ከሆነ ንገሪልኝ።

እሷ ምን አጠፋች? እሷ ጋ በልቶ ሲነሳ ደህና ነው፤ ቤቱ ሲደርስ ይታመማል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የቤቱ ነዋ! እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው… ባዮሎጂ ባላስተምር ኖሮ። ስንዴ አንጀት ላይ ለመሥራት ሰዓት ይፈልጋል የኔ እህት፤ ከሰመራ አዋሽ የሚያስነዳውን ያህል ሰዓት። ይሄም ደብተሩ ላይ አለ፤ በሰማያዊ።

ተነስቼ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ወጣሁ። እንዲያውም በሩ ላይ አንድ ፍየል እንዳልረግጥ ብዬ "ይቅርታ" አልኩት።

በማግስቱ አዋሽ ስገባ እሱ ቀድሞኝ ደርሶ ሆዱን ይዞ ተኝቷል። "ስትሄጂ ያስቀመጥሽልኝ ምግብ ነው" አለኝ። "አውፍ በለኝ" አልኩት። አትገረሚ፤ አፌ የለመደው እሱን ነበር።

በነጋታው ጠዋት ግን ሱሩር ሱቅ ሄጄ አምስት ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ስጠኝ አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። "መምህርት፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን! ስንዴ እኮ ነው!" "አንብቤዋለሁ" አልኩት። አቡክቼ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሼ፣ ይህን የሚያህል ዳቦ ጋገርኩ። ልጆቼ ትኩሱን እየቆረሱ በሉ። ሃፍሳ መጀመሪያ ፈርታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከዚያ በሁለት እጇ ያዘችው። እሱ ከመኝታ ቤት፣ "መዲና፣ የምን ሽታ ነው?" አለ።

"የጎረቤት ነው" አልኩት። ሩዝ ቀቅዬም ወሰድኩለት።

ይኸው፣ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሱ መንገድ በወጣ ቁጥር እኔ እጋግራለሁ። እሱ ከእኛ ተደብቆ ይበላል፣ እኛ ከእሱ ተደብቀን እንበላለን። ተስማምተን ነው የምንኖረው ማለት ነው! አሁን ደግሞ ግማሹን ወር አንቺ ጋ ነው አሉኝ፤ ልጆቼ ከአሁኑ ደስ ብሏቸዋል።

በይ ልሂድ፤ መኪናው ሳያመልጠኝ። ኧረ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ፣ ዲቾቶ ላይ አንድ አዲስ ካፌ ተከፈተ አሉ። ባለቤቷ ልጅ እግር ናት፤ ለሾፌር አንጀቷ አይችልም፣ ዳቦዋም ልብ ያርሳል ይላሉ… ምን አገባን!

ነይ እስቲ ልሳምሽ። አላህ ትዳርሽን ይባርክልሽ፤ እጅሽንም ይባርከው። እስከ ዛሬ እንግዳሽ ነበር፤ ከዓርብ ጀምሮ ባለቤትሽ ያድርገው። አላህ ይህ በር ካፌ መሆኑን አስረስቶት፣ ልክ የእኔን እንደሚለው፣ ያንቺንም "ቤቴ" ያሰኘው።

አሚን በይ እንጂ…