የቅሬው ሳፋና የሴሬስ ጨው

የመርሳ ሰዎች፣ ከወልድያና ከውርጌሳም መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ ሐዘናችንን ስለተካፈላችሁን አላህ ይስጥልን። መምህር ኡበይደላ የተንዛዛ ንግግር ስለማይወዱ፣ ዜና ሕይወታቸውን አሳጥረን እናነባለን።

መምህር ኡበይደላ ናስር ከአባታቸው ከአቶ ናስር ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓቢዳ ሰይድ በሀብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ ላይ በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ቁርዓን በሰፈራቸው ቀርተው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በመርሳና በወልድያ ከተከታተሉ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ በሥነ ምድር ተመርቀው፣ ለብዙ ዓመታት በየገጠሩ የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ኖረው፣ በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። ወይዘሮ ረሂማን አግብተው ሀስናንና አብዱልሐሊምን ወልደዋል። ጎረቤቱ ስለሚያምናቸውም ሐዘን ሲደርስ የምንረዳዳበት የቅሬያችን ዕቃ፣ ድስቱም ብርጭቆውም ትልቁም ሳፋ፣ በእሳቸው ግቢ ይቀመጥ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ሴሬስ ከምትባለው ድንክ ፕላኔት ፎቶ ሲመጣ ልባቸው እዚያው ቀረ። ሴሬስ ከማርስ ወዲያ ፀሐይን የምትዞር ትንሽ ዓለም ስትሆን፣ ከሕዋ የመጣ አለት መትቶ የቦረቦረባት ኦካተር የተባለ ጎድጓዳ ስፍራ ስፋቱ ከመርሳ እስከ ደሴ ይደርሳል፤ መሐሉም ላይ ነጭ ነገር ያበራል። ፎቶውን ለዱዓ በተሰበሰብንበት ወዳጃ ላይ ቢያሳዩ፣ ሽማግሌዎቻችን የከተማ መብራት መስሏቸው ለዚያ አገር ሰው ዝናብ እንዲወርድለት ዱዓ አደረጉ። መምህርም ሳይስቁባቸው አሚን ካሉ በኋላ፣ ነጩ ነገር ከሥር ያለ ጨዋማ ውሃ በስንጥቅ ወጥቶ ሲደርቅ የተወው ጨው መሆኑን አስረዱ። ያች ዓለም በድን ናት የሚላቸውን ሁሉ፣ ውስጧ ገና እርጥብ ነው እያሉ ሲሟገቱ ኖሩ።

ይህንኑ ለተማሪዎቻቸው በዓይን ለማሳየት፣ በቅሬው ሳፋ ጨዋማ ውሃ ሞልተው፣ በአሸዋና በዋልካ ጭቃ ከድነው ይጠብቁ ጀመር። ምን ያደርጋል! ጭቃው ሊሰነጠቅ ሲል ሰፈር ውስጥ ሰው ይሞታል፤ የቅሬው ሰዎች መጥተው ጭቃውን ደፍተው ሳፋውን ይወስዳሉ። ያን የሚያህል ሰፊ ሳፋ ሐራ ገበያም ወልድያም ፈልገው ስላጡ፣ የሰው ሐዘን ከጨው ይቀድማል እያሉ እንደገና ጭቃ ያቦኩ ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኩላሊታቸው ታሞ ሐኪም ጨው ሲከለክላቸው፣ ጨውን ምን በደልኩት እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ያስቁት ነበር። አልጋ ከያዙ በኋላ፣ የእሳቸውን ሙያ የምትማረው ልጃቸው ሀስና እሳቸው እያዘዟት ሳፋውን አዘጋጀች። ጨው ወጥቶ ማየት አንዱ ምኞታቸው ስለነበር በነጋ ቁጥር ወጣ ወይ ይሏት ነበር፤ እሷም ገና ነው ትላቸው ነበር። ሳያዩት ትናንት ማምሻውን ወደ አኼራ ሄዱ።

ዛሬ ማለዳ የቅሬያችን ሰብሳቢ አቶ ደሞዜ እንደ ደንቡ ሳፋውን ሊደፉ ጓሮ ቢዘልቁ፣ ጭቃው ተሰንጥቆ በየስንጥቁ ነጭ ጨው ወጥቶበት አገኙት። ወይ ጉድ! አቶ ደሞዜም እንኳን ሊደፉት ሊነኩትም ሳይደፍሩ፣ እንባቸውን ጠርገው ከጎረቤት ቅሬ ሌላ ዕቃ አስመጡ። ይህ በቅሬያችን ሆኖ አያውቅም።

መምህር ኡበይደላ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ብርሃን ይሙላላቸው፣ ጀነትን ይወፍቃቸው፤ ለቤተሰባቸውም ሶብሩን ይስጥልን። ሳፋው ከነጨው ከሐዘኑ በኋላ ከሀስና ጋር ወደ ተማሪዎቻቸው ይሄዳል፤ እስኪመለስም ቅሬው በተውሶ ዕቃ ሊቀብር ተስማምቷል። አሚን።