የሚስቴ ወንድም አዲስ ስፒከር

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … እህ! አማቼ! ቁጥርህ አልወጣልኝም እኮ። … ደህና፣ ደህና ነን። እሷም ደህና ናት። — ወንድምሽ ነው! … አዎ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሌላ ስንት ወንድም አለሽ? — ሰላም ብላሃለች።

— ሰምቻለሁ፣ ስፒከር ገዛህ አሉ። … ከማን ልስማ፣ እህትህ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አላት እንዴ! … እንኳን ደስ ያለህ። … ኧረ ከልቤ ነው! እንዴት ልበልህ ታዲያ፣ እልል ልበል?

— ቁመቱስ? … እስከ ደረትህ? … አንተም ብዙ ረጅም አይደለህ። … ቀለም የተቀባ ነው ወይስ እውነተኛ እንጨት? … እውነተኛ። … እም። … የሰው ጥርስ ስትነቅል ኖረህ አሁን ስፒከር ተከልክ በለኛ!

— ዛሬ? አሁን ልምጣ? … አይ፣ አልችልም። እንግዳ አለብኝ። … እንዴ፣ እሁድ ከሰዓት አይደል? ሰዎቹ ሊመጡ ነዋ። ልጆቼ ሳይወለዱ ጀምሮ እሁድ እኔ ቤት ነው ሸክላ የምንሰማው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ትንፍሽ ሳይሉ… ምን? … አንተ ጋ ናቸው? … ማን ማን? … መካኒኩ ይሁን። ጠበቃውም? ጠበቃው እኮ ጠዋት ደውሎ ጉንፋን ጥሎኛል፣ ከአልጋ አልነሳም ብሎኛል! … ጫማቸውንም አስወለቅካቸው? … ደንቤንም ወሰድከው በለኛ! … አልተቆጣሁም። ለምን እቆጣለሁ? ሰው የፈለገበት ቤት ይሄዳል። እኔ ግን አልመጣም፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ለምንድነው የምታንሾካሹከው? … ማድ ቤት ገብተህ? … ቀስ በል፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ። … ወፍራሙ ድምፅ የለም። እሺ። … ዘፋኟም የት ቆማ እንደምትዘፍን አይታወቅም… ከግራ ነው ስትል ከቀኝ… ራስህን ያዞርሃል። … እህ። ማን ነው የገጠመልህ? … ራስህ! … ባለሱቁ ልምጣ ቢልህ እንቢ ብለህ። … እሺ፣ አንዴ ቆየኝ፣ በር ላይ ሰው አለ መሰለኝ።

— አንቺ፣ ስሚ! ወንድምሽ የአንዱን ስፒከር ገመድ ገልብጦ ነው የሰካው! ቀዩን ገመድ ጥቁሩ መሰኪያ ላይ፣ ጥቁሩን ቀዩ ላይ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ያን የመሰለ ዕቃ ገዝቶ! … አልነግረውም። … ለምን ብዬ ነው የምነግረው? የኔን ሰዎች ጠራርጎ ወስዶ! … አዎ፣ ቀናሁ! ቀናሁ፣ ምን ይሁን? እኔ ስንት ዓመት በሱቅ መስኮት እያየሁ የተመኘሁትን እሱ ብድግ ብሎ… አታፍጪብኝ!

— ሄሎ፣ ይቅርታ። ሰው አልነበረም። … እንግዲህ አማቼ፣ አዲስ ዕቃ አይደል፣ መሟሸት አለበት። … እንደ አዲስ ድስት በለው። ወር፣ ሁለት ወር… እነሱስ ምን ይላሉ? … መካኒኩ ስልኩን ይጎረጉራል። … ጠበቃውስ? … የአማችህ አሮጌዎቹ ይሻላሉ አለ? እስቲ ድገመው፣ መስመሩ ይቆራረጣል። … አይ ሰውዬው! ቢዋሽም ጆሮ አለው።

— ምን? … ነገ ልትመልሰው? … እ… ሳይሻል አይቀርም። ሁሉም ነገር ለሁሉም ሰው አይሆንም። … — ተይኝ እስቲ፣ እያወራሁ ነው! አትቆንጥጪኝ!

— ለማን ብለህ ነው የገዛኸው? … ለኔ? ተው ቀልድህን። … እሺ፣ እየሰማሁህ ነው። … አዎ፣ እኔ ጥጉ ላይ ነው የምቀመጠው፣ በርጩማ ላይ። የቤቱ ባለቤት አይደለሁ? ጥሩ የሚሰማበት የመሀሉ ወንበር የእንግዳ ነው። … ይህን ሁሉ ጊዜ ታስተውል ነበር እንዴ? … አንድ ቀን እንኳ መሀል ላይ ልታስቀምጠኝ። … የመሀሉ ወንበር አሁንም ባዶ ነው? … ጠበቃው ሊቀመጥ ሲል "የአማቼ ነው" ብለህ ከለከልከው…

— የለም፣ አለሁ። … አለሁ አልኩህ እኮ። ወንበር ስቤ ልቀመጥ ብዬ ነው። — ሂጂ ከዚህ፣ ምን ታዪኛለሽ!

— ስማኝ። መጀመሪያ ስፒከሮቹ የተሰኩበትን አምፕሊፋየር አጥፋ። … ጠፋ? ከግራው ስፒከር ጀርባ ሂድ። ሁለት ገመድ አለ፣ ቀይና ጥቁር። ቀዩ የት ነው የተሰካው? … ጥቁሩ ላይ። የቀኙስ? … ቀዩ ቀዩ ላይ። በል የግራውን አቀያይረው። … በቃ፣ ይኸው ነው። … አዎ፣ ገና ስትነግረኝ አውቄዋለሁ። … ለምን ዝም አልኩ? እርር ድብን ብዬ ነዋ! ቀንቼ! … ሳቅ፣ ሳቅ። … አብራው። መርፌዋን ሸክላው ላይ ቀስ አድርገህ አስቀምጣት።

— … እሰይ! — ነይ፣ ነይ፣ ጆሮሽን አምጪ። ወፍራሙን ድምፅ ስልክ አይዘውም፣ ዘፋኟን ግን ስሚያት። መሀል መጥታ ቆመች። ትንፋሿ ሳይቀር… ሄሎ? አማቼ፣ እንዴት ነው? … ሄሎ? … ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀምጦታል። ይሄ የመካኒኩ ጭብጨባ ነው። … እንዴ! ማነው "እዚህ መሀል ላይ ሲሆን ሌላ ነው" የሚለው? … ጠበቃው ነው! ተቀመጠበት! … ሄሎ! አማቼ! አስነሳው! … ሄሎ!

— አይሰማኝም። … አላውቅም፣ ረስቶኝ ይሆናላ። እንዲህ እየሰማሁ እኔም ብሆን ሰው አላስታውስ። … አይ፣ አትዝጊው! ዘፈኑ እስኪያልቅ ተይው። … እንዴት ያምራል። … እንዴት ነው የሚያምረው! … ሄሎ? … ሄሎ? …

— ተቋረጠ።