የቨርና አሳማ ዋጋ

«እኔ ቨርና በዕድሜዬ ከማንም ፍጡር አንዲት ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም!»

ይህችን አባባል በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ባለችው ትንሽ ከተማዋ ያልሰማ የለም። ቨርና ፀጉር ሠሪ ናት። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ሊታጠቡ አንገታቸውን አጋድመው ማምለጫ ሲያጡ ጠብቃ ትጀምራለች፤ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ አሳማ ማሳደጓን፣ በአውራጃው የሐምሌ የከብት ትርኢት በጨረታ መሸጧን፣ በዚያው ገንዘብ መኪና ገዝታ ፀጉር ሥራ ትምህርት ቤት መመላለሷን። «የዛሬ ልጆች እጃቸው ለመዘርጋት እንጂ ለመሥራት አልተፈጠረም» ብላ ትደመድማለች። ሳሙና ዓይኑ የገባ ሰው ደግሞ አይከራከርም።

አንድ ቅዳሜ የቨርና የልብስ ማጠቢያ መኪና አጓርቶ አጓርቶ ሞተ። እሷም ልብሷን በጆንያ ሸክፋ፣ ማንም እንዳያያት ግራ ቀኝ እየተገላመጠች፣ ወደ ሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄደች። ገና ሳትገባ ግን ደጁ ላይ የቆመ አሮጌ መኪና አየች። መኪናው የጎረቤቷ ልጅ የኬንድራ ነው። አሮጌነቱን ታውቀዋለች፤ አራቱ ጎማዎች ግን አዲስ ናቸው፣ ጥቁረታቸው ያብረቀርቃል። ቆሽቷ አረረ።

የቅናቷን ምክንያት ሳልናገር ባልፍ ሴትዮዋን መበደል ይሆናል። የቨርና ልጅ ዴሊያ ከኬንድራ ጋር በአውራጃው የሁለት ዓመት ኮሌጅ የራጅ ሙያ ትማር ነበር። ባለፈው መኸር መኪናዋ ተበላሸ፤ ኮሌጁ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ የለም፤ ፈተናው አመለጣት፣ አቋረጠች። አሁን እንቁላል ማሸጊያ ቤት ትሠራለች። ኮሌጁ ከለጋሾች ሰብስቦ ለተማሪ የሚሰጠውን እርዳታ ልጠይቅ ስትል እናቷ «ከእኔ ቤት ለማኝ አይወጣም!» ብላ አፏን አስያዘቻት። የዘንድሮው ማመልከቻ ሰኞ ይዘጋል።

ኬንድራ ውስጥ ተቀምጣ፣ ልብሷ እስኪደርቅ ስለ አጥንት የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ታነባለች።

«ለጎማሽ እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት ቨርና፤ አፏ ማር፣ ሆዷ ኮምጣጤ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን እትዬ ቨርና። የኮሌጁ ለጋሾች ናቸው የደረሱልኝ።»

«ለጎማ? ድሮ እኮ ሽልማት ለጎበዝ ነበር። ዛሬ ጎማው የተላጠ ሁሉ ይሸለማል?»

«የትምህርት ክፍያዬን አብዛኛውን መንግሥት ችሎልኛል። ግን በተላጠ ጎማ በበረዶ እንዴት ልሂድ? እኛ ጋ ተማሪ የሚያቋርጠው ትምህርቱ ከብዶት መሰለዎት? የአንዷ ጎማ ይፈነዳል፤ አንዱ ልጁን የሚይዝለት ያጣል፤ ሌላው ሌሊት ሲሠራ አድሮ ክፍል ውስጥ ያንኮራፋል። እኔም ሁለት ሥራ ነበረኝ። አሁን አንዱን ትቼ በዚያ ሰዓት አጠናለሁ። ውጤቴም…»

«ውጤትሽን ማን ጠየቀሽ?»

ቅናት እንዲህ ነው፤ የሰው ወሬ ሁሉ መስማት ይፈልጋል፣ ደግ ወሬ ሲመጣ ግን ጆሮው ይደነቁራል።

«ቆይ፣ የሰው ገንዘብ እንዴት ይዋጥልሻል?» አለች ቨርና።

«እንደ ውሃ! እትዬ፣ እዚህ ክሊኒክ ራጅ የሚያነሳ ጠፍቶ እጁ የተሰበረ ሰው እያቃሰተ ሌላ ከተማ ይነዳል። እኔ ስመረቅ እዚሁ ነኝ። ሰዎቹ ጎማ ብቻ አይደለም የገዙት፤ የራሳቸውን አጥንት የሚያይላቸው ሰው ነው የገዙት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዴሊያም ታገኘው ነበር። እሷ እኮ ትበልጠኝ ነበር። ይሄን ሁሉ አጥንት በስም በስሙ ያስጠናችኝ እሷ ናት።»

«ልጄ ሥራ አላት! በላቧ ነው የምታድረው!»

«አላት። ግን እትዬ፣ ቁጣዎ በእኔ ጎማ ነው ወይስ በዴሊያ እንቁላል?»

የተረታ ሰው ወደ ድሮ ዝናው ይሮጣል፤ ቨርናም ወደ አሳማዋ ሮጠች። «እኔ በዐሥራ ስድስት ዓመቴ…» ስትል በሩ ተከፈተ።

የገቡት የድሮው የከብት መኖ ነጋዴ አቶ ኦርቪል ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል። «የፈረስ ልብስ ማጠብ ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር፣ የፈረስ ልብስ በብብታቸው ሸጉጠው ቆመዋል።

«ምስክሬ መጡ!» አለች ቨርና። «ጋሼ ኦርቪል፣ አሳማዬን በጨረታ የገዙት እርስዎ አይደሉ? ለዚች ልጅ ይንገሯት። ያን ያህል የከፈሉት ለድካሜ አይደለም?»

ሽማግሌው ራሳቸውን አከኩ። «አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ አልገባሽም እንዴ? ያን ዓመት አባትሽ ከጣሪያ ወድቆ ተኝቶ ነበር። ልጅቷ መኪና ካላገኘች ትምህርቷ ቀረ ተባለና ባለሱቆቹ ከበረቱ ጀርባ ተማከርን። እኔ እጄን ሳወጣ ባለ መጋዘኑ ይጨምራል፣ እሱ ሲያወጣ እኔ እጨምራለሁ። ከዚያ ሂሳቡን ተካፈልነው። ጨረታ አልነበረም እኮ፤ መዋጮ ነበር።»

የቨርና ፊት እንደ ቲማቲም ቀላ።

«የኮሌጁም ገንዘብ ያው ነው» አሉ ሽማግሌው። «እኔም አለሁበት። አሳማ የሌለው ልጅ ምን ይሽጥ ብለን ነው።»

ቨርና ጆንያዋ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ያ መኪና ባይኖር ሙያም፣ ፀጉር ቤትም፣ የምትኮራበት አፍም አልነበራትም። ስልኳን አወጣች። «ዴሊያ? እናትሽ ነኝ። ያን ማመልከቻ ዛሬውኑ ሙዪ። አዎ፣ ደህና ነኝ! አላመመኝም! ሰኞ ሳይደርስ ሙዪ አልኩሽ!»

ኬንድራ ሳቀች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ጎማ የተገዛላት ልጅ ክፍል ትደርሳለች፤ የደረሰች ትመረቃለች፤ የተመረቀች የከተማዋን ስብራት ታያለች፤ ደመወዝ ሲኖራት ደግሞ እሷም በተራዋ ለሌላው እጇን ታወጣለች። ስጦታ ያዋረደው ሰው የለም፤ የሚያዋርደው ተቀብሎ አልተቀበልኩም ማለት ነው።

ቨርና ግን ሽንፈት በባዶ ሆድ አይዋጥላትም። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ይሁን፣ መዋጮ ይሁን። ግን ጋሼ ኦርቪል፣ በትርኢቱ ላይ እንደኔ አሳማ የሚያምር እንዳልነበረ አይክዱም!»

ሽማግሌው የፈረሱን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ጠቀጠቁና በሩን ዘጉ።

«አሳማሽ አንካሳ ነበር» አሏት።