ሁለተኛው ፊርማ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሟች ባለቤት እትዬ፣ የማተሚያ ቤት ባልደረቦቼ፤ ጥቂት ታገሡኝ። ሁላችን ጋሽ መነጽር እያልን ከምንጠራቸው ከሟቹ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ አራሚ ነበርኩ። እሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ በእርሳስ እከተላለሁ። ያለ ሁለታችን ፊርማ አንድም ገጽ ወደ ማሽን አይገባም ነበር።

መሪው ገና ምረጡኝ ሲል ፖስተሩን ያተምንለት እኛ ነን። ታስታውሳላችሁ? ራሱ መጣ። ቀለም የነካውን እጃችንን ሳይጸየፍ ጨበጠ። የልጆቻችንን ስም እየጠራ ጠየቀን። ልባችን ቅቤ ጠጣ። ጋሽ መነጽር ብቻ፣ «የልጆቻችንን ስም ማን ነገረው?» አሉ። ሳቅንባቸው።

መረጥነው። ብዙም ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። «ለስድስት ወር ብቻ» ይላል። ምክር ቤቱ ያጸደቀው እሱን ነው። አንብበን ፈረምን። ከምሳ በኋላ ገጹ ተመልሶ መጣ፤ ያ የስድስት ወር መስመር ተሰርዟል።

«ትንሽ ማስተካከያ ናት፣ ፈርሙ» አለ አለቃችን።

«ምክር ቤቱ ያጸደቀው ይህን አይደለም። አልፈርምም» አሉ ጋሽ መነጽር። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ልጄ?»

እኔስ? እሳቸው ኮታቸውን ይዘው ሲወጡ ፈረምኩ። የሳቸውን የፊርማ ቦታስ ማን ሞላው? እሱንም እኔ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳየው የኖርኩት ፊርማ ነው፤ እጄን አልከበደውም። እትዬ፣ ይህን እስከ ዛሬ ደብቄዎታለሁ።

ስድስት ወሩ አለፈ። አዋጁ አላለፈም። ጋዜጦች ተዘጉ፣ ማኅበራችን ታሸገ፣ ዳኞቹ ተባረሩ። ጋሽ መነጽር፣ «መስመሩ ተሰርዟል፣ ፊርማውም የኔ አይደለም» ብለው አደባባይ ወጡ። በሐሰት ወሬ ተከሰሱ። ምስክሩ ማን ነበር? እኔ። «ፊርማው የሳቸው ነው» አልኩ፣ ፊታቸው ቆሜ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ታስታውሳላችሁ? «ፈርሞ ካደ» ብለን ከቤታቸው እግራችንን አሳጠርን። አራት ዓመት ታስረው፣ ሐሙስ አስከሬናቸውን ሰጡን። መሪው ከዳን እንላለን፤ እውነት ነው። ጋሽ መነጽርን የከዳው ግን መሪው አይደለም።

አንተ በሩ አጠገብ ማስታወሻ የያዝከው ወንድሜ፣ እንዳትሳሳት ቀስ ብዬ ልድገምልህ። ፊርማው የኔ ነው። ሁለቱም።

ጋሼ፣ «አንተስ?» ብለውኝ ነበር፤ መልሴ ዘገየ። ስምዎን ይኸው መልሻለሁ። ይዘውት ይግቡ።