ኦቦ ደሜ የማይበይዱበት ቀን

ጎረቤት ሲያማ ከርሞ የራሱን ዕቃ ያቃጠለ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። ቡራዩ ነው የምኖረው፤ ከአጥሬ ማዶ የኦቦ ደሜ ብየዳ ቤት አለ። ሽማግሌው መበየድ ሲጀምሩ የእኔ ቤት መብራት ይደክማል። አንድ ሳምንት ሲበይዱ ከረሙ፤ እኔም ሳማቸው ከረምኩ። የአባቴን የድሮ አምፕሊፋየር፣ ያንን እንደ አምፖል የሚበሩ ቱቦዎች ያሉትን፣ ራሴ ካልጠገንኩ ብዬ ድርቅ ያልኩትም በዚያው ሳምንት ነው። ቱቦዎቹ የሚስቡት ከረንት አነሰብኝ። ባያስ የሚሏትን፣ ከረንቱን የምትወስነውን ቪት አዙሬ ከፍ አደረግኩትና "አበቃ፣ ተሠራ" አልኩ።

እሁድ ጓደኞቼን ጠርቼ ከፈትኩት። ቱቦዎቹ ቀስ እያሉ እንደ ፍም ቀሉ። አንዱ ጓደኛዬ "እንዴት ያምራል" አለ። እኔም እንደ አዋቂ "የድሮ ዕቃ ሲሞቅ ነው የሚያምርበት" ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሳልጨርስ የመቃጠል ሽታ መጣ፤ ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ። የቤቱን ኤሌክትሪክ በቴስተር ስለካው ባያሱን ሳስተካክል ከነበረው ሃምሳ ቮልት ይበልጣል። ለካ ኦቦ ደሜ እሁድ አይሠሩም።

ሽታው ጠርቷቸው ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ስታስተካክል የከረምከው የእኔን ማሽን ነዋ" አሉኝ።

አሁን ቱቦ ቀይሬ፣ ባያሱን የምነካው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። ድምፁ ተስተካክሏል። ጓደኞቼ ግን ቅር ብሏቸዋል፤ በመጡ ቁጥር "ያንን ቀዩን ድገምልን" ይሉኛል።