ተራርቀን የነገርነው መርዶ

እኔ ባየሁት ዘመን መርዶ እንኳ በርቀት ተነግሯል። እናንተ ልጆች ኮሮና ሲባል ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ብቻ ነው የምታስታውሱት፣ ታድላችሁ።

እዚሁ አሰላ፣ በዚያች የጓሮ ክፍል ሲስተር ማስተዋል የምትባል ነርስ ከእኔ ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ እዚህ ዘመድ የሌላት። ታዲያ በሽታው ሲገባ እነዚያ ታማሚዎች ያሉበት ክፍል መደቧት፣ እና ልጅቱ ተለወጠች። ከሥራ ስትመለስ በሯን ትዘጋለች፣ እጇን በበረኪና ታጥባለች፣ ደግማ ታጥባለች፣ ቆዳዋ እስኪላጥ። ደጃፏ ላይ ያስቀመጥኩላት ምግብ ሳይነካ ያድራል። ምነው ስላት፣ "እትዬ ዘሃራ፣ አይጠጉኝ" ነው መልሷ። እንቅልፍም የላት፤ ስትንጎራደድ በግድግዳው ይሰማኛል።

ታዲያ በዚህ መሐል ወንድሟ ደወለልኝ። አባታቸው ሞተዋል። መንገድ ዝግ ነው፣ መምጣት አልቻለም፣ "እባክዎ እናቴ፣ እህቴ ብቻዋን እንዳትሰማ" አለኝ። ምን ላድርግ፣ እስቲ በሉኝ? መርዶ እንደሆነ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚነገረው፣ ራሱን እንዳይጎዳ። መሰብሰብ ደግሞ ተከልክሏል። ብንተወውስ? ስልክ አለ። አንዱ አፈ ሰፊ ዘመድ "ነፍስ ይማር" ብሎ ይልክባታል፣ ያቺ በቋፍ ያለች ልጅ በሯን ቆልፋ ብቻዋን ታነበዋለች።

ጎረቤቶቼን ጠራሁ። አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ በሽታው ይዟት ቢሆንስ አለች። "አንቺ ከበሩ ማዶ ቁሚ፣ ምላስሽ እንደሆነ እዚህ ድረስ ይደርሳል" አልኳት። መጣች። እና ማለዳ አፋችንን ሸፍነን፣ እንደ አጥር እንጨት ተራርቀን ግቢው ውስጥ ቆምን።

ማስተዋል በሩን ከፈተች። አየችን፣ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። መርዶው ገባት ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ምን አለች መሰላችሁ?

"ገብቶኛል። ዕቃዬን እስካወጣ ብቻ ታገሡኝ።"

ልናስወጣት የመጣን መስሏታል! ነርስ ከቤት የሚያስወጡ አከራዮች እንዳሉ ሰምታ፣ ለካ ልጅቱ በየማለዳው በሩን የምትከፍተው ይኼን እየጠበቀች ኖሯል።

"አይደለም ልጄ፣ አባትሽ ናቸው" አልኩ። ያዘጋጀሁት ሌላው ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

ጮኸች። ልትወድቅ ስትል ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፣ ዘርግተንም ባለንበት ቀረን። እንደዚያ ያለ ነገር ዳግም አያሳየኝ። እና ሄድኩና ያዝኳት።

ታዲያ ደረቴ ላይ ሆና እያለቀሰች ምን ትለኛለች፣ "እትዬ፣ ማስክዎ ወርዷል፣ አፍንጫዎን ይሸፍኑ።" በአባቷ ለቅሶ መሐል!

ከነካኋት ወዲያ ልጆቼ ዘንድ መመለስ የለም፣ እሷው ክፍል ገባሁ። ጎረቤት ምግቡን በር ላይ እያስቀመጠልን፣ እኔና እሷ ስንጣላ ከረምን። እጅዎን አልታጠቡም ትለኛለች፣ አንቺስ መቼ በላሽ እላታለሁ። በኋላ እሷ ልትበላ፣ እኔ ልታጠብ ተስማማን። አባቷን እያነሳች ስታለቅስም አብሬ አለቀስኩ፣ ለማላውቃቸው ሰው።

ይቺ የወንድሜ ልጅ፣ አክስቷ ነኝና፣ "አዳዳ፣ አልፈሩም ግን?" ትለኛለች።

ፈራሁ እንጂ! በሳለች ቁጥር ልቤ ቀጥ ይል ነበር። ግን ሁለት ሆነን ስንፈራ፣ እሷ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር።